ሕዋሶቹ የት ሞቱ? ከአዲስ አበባ እስከ ቡሌ

ሥራዬ ደም ነው። ስሜ ሰናይት ይባላል፤ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከወንበሬ ስለማልነሳ ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል። ባለፈው መስከረም ግን ተነሥቼ ጌዴኦ ዞን ሄድኩ፤ ስድስት ቀን ቆየሁ። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ የሌላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለምገምት ያየሁትን ልንገራችሁ።

የሄድኩት የሞትን ዓይነት ለመለየት ነው። አትደንግጡ፤ የሕዋስ ሞት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ሕዋስ የሚሞትበት መንገድ ብዙ ቢሆንም ለዚህ ጽሑፍ ሁለቱ ይበቁናል። አንደኛው ጸጥ ያለ ሞት ነው፤ ሕዋሱ ራሱን በሥርዓት ይቆራርጣል፣ ጎረቤቶቹም ቁርጥራጩን ለቃቅመው ያጸዱታል። ሁለተኛው ፍንዳታ ነው፤ ግድግዳው ይቀደድና የውስጡ ሁሉ ይፈሳል፣ አካባቢው ይቆጣል። ሁለቱም ደም ውስጥ የየራሳቸውን ምልክት ይተዋሉ። ጉበቱን ከታመመ ሰው ደም ቀድተን የትኛው ሞት እንደበዛ ማወቅ እንችል እንደሆነ እናጠናለን። ገና ጥናት ነው፤ በዚህ ውጤት ለማንም መድኃኒት አይታዘዝም።

ከጌዴኦ ደም የሚመጣልን ከሦስት ቦታ ነው፤ ከዲላ፣ ከይርጋጨፌና ከቡሌ። የዲላና የይርጋጨፌ ውጤት ይመሳሰላል። የቡሌ ብቻውን አፈነገጠ፤ የጸጥታው ሞት ምልክት ከሌሎቹ እኩል ሆኖ ሳለ የፍንዳታው ምልክት ጣሪያ ነካ። አለቃችን ደስ አለው። "ቡሌ ላይ ለየት ያለ የጉበት በሽታ አለ" አለና መጻፍ ጀመረ።

እኔ ደግሞ ካርታ አወጣሁ። ከይርጋጨፌ ዲላ አስፋልት ነው። ከቡሌ ዲላ ግን ቁልቁለት፣ ድንጋይና ጭቃ ነው። የፍንዳታ ምልክት ብለን የምንለካው ነገር በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥም በብዛት አለ፤ ደሙ ብልቃጥ ውስጥ እንዳለ ቢንገጫገጭና ቀዮቹ ቢፈነዱ ውጤቱ ይጨምራል። እንዲህ ሲሆን ሴረሙ፣ ማለትም ከደሙ ተለይቶ ላይ የሚቀረው ውሃ፣ ይቀላል። የእኛ ሕመምተኞች ግን የወፍ በሽታ አለባቸው፤ ሴረማቸው ቢጫ ስለሆነ ትንሽ ቅላት ቢኖር አይታይም።

"ሕዋሱ የሞተው ሰውየው ውስጥ ነው ወይስ መኪናው ውስጥ?" ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁት።

"ሂጂና አረጋግጪ" አለኝ። እንዲህ ይለኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ሰኞ

ከመጋዘናችን አንድ አሮጌ በእጅ የሚዞር ሴንትሪፊዩጅ ቆፍሬ አወጣሁ። ብልቃጦቹን ይዞ ሲሽከረከር ሕዋሱ ታች ይወርዳል፣ ሴረሙ ላይ ይቀራል። መብራት አያስፈልገውም። ሻንጣዬ ውስጥ ብከተውም እጀታው አልገባ ብሎ ውጭ ቀረ።

አውቶቡሱ ከቃሊቲ ሲነሣ አጠገቤ የተቀመጡት ጠና ያሉ ሰውዬ ጉልበታቸውን እጀታው ወጋቸው።

"የሥጋ መፍጫ ነው?" አሉኝ በትሕትና።

"አይደለም አባቴ፣ የደም ማዞሪያ ነው።"

እስከ ዝዋይ ድረስ አላናገሩኝም።

አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፈተና እጀታውን አንድ ጊዜ አዞረው። "ምን ይፈጫል?" አለ። ምንም እንደማይፈጭ ነገርኩት። "ታዲያ ለምን ይዞራል?" ማስረዳት ጀመርኩ፤ ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ያዳኑኝ ጎረቤቴ ናቸው። "ሐኪም ናት፤ ይልቀቋት" አሉት። ሐኪም እንዳልሆንኩ ለመናገር አፌን ስከፍት በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። ውለታቸውን ለመመለስ እስከ ሐዋሳ ድረስ ስለ ኩላሊታቸው ሰማሁ።

ሐዋሳ ላይ ለምሳ የተጠበሰ ዓሣ በላን። ደብረ ብርሃን ዓሣ የምናውቀው በወሬ ነው፤ ስለዚህ ከየት ጀምሬ እንደምበላው ጠፋኝ፣ ሰውዬው አጥንቱን እየለዩ አበሉኝ። ከሐዋሳ በኋላ አገሩ ተለወጠ። እኛ ጋ ሜዳው ገላጣ ነው፤ ጎረቤት ልብስ ሲያሰጣ ከሩቅ ይታያል። እዚህ ቤቱ ሁሉ እንሰትና ዛፍ ውስጥ ተደብቋል፤ ቤት መኖሩን የምታውቁት በጭሱ ነው። መኪናው በቆመበት ሁሉ አናናስ በመስኮት ይገባል። አንድ ገዛሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። የአናናሱ ቅጠልም ሰውዬውን ወጋቸው።

ዲላ ስንደርስ ታምራት መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የዲላ ልጅ ነው፤ ደሙን ከየቦታው ሰብስቦ የሚልክልን እሱ ነው፤ ሁለት ዓመት በስልክ ተነጋግረን በአካል ስንገናኝ ያ የመጀመሪያችን ነው። አንድ ፔንሲዮን ወሰደኝ። ገላዬን ልታጠብ ቀዩን ቧንቧ ስከፍት ቀዝቃዛ ውሃ መጣ፤ ሰማያዊውን ስከፍት ምንም። ለእንግዳ ተቀባይዋ ብነግራት በማንቆርቆሪያ ፍል ውሃ ይዛ መጣችና "ቀዩ ለማሳመር ነው" አለችኝ።

ማክሰኞ

ቁርስ ላይ ታምራት እንቁላሉን ሳይነካ ተቀመጠ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪኝ" አለ። "ቡሌ አቶ ሽፈራው የሚባሉ ገበሬ አሉ። ከሁሉም የፍንዳታው ውጤት ከፍ ያለው የእሳቸው ነው። ያንቺን ወረቀት አየሁና አዘንኩላቸው። ጉበትዎ እየፈነዳ ነው፣ ራስዎን ይጠብቁ አልኳቸው።"

"መቼ?"

"ከሁለት ወር በፊት። ከዚያ ወዲህ ለቀጠሯቸው ወደ ሆስፒታል አልመጡም። ስልክም አያነሡም።"

የጥናት ውጤት ለሕመምተኛ አይነገርም። ልቆጣው ብዬ ነበር፤ ግን ወረቀቱ ላይ "ቡሌ፣ ከፍተኛ ፍንዳታ" ብዬ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜም አስምሬበታለሁ። እንቁላሉ ቀዘቀዘ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጉዞዬ አለቃዬን ለመርታት ነበር።

ቀኑን ለመንገዱ ስንዘጋጅ ዋልን። ደሙ በረዶ ያስፈልገው ነበር፤ የሆስፒታሉ የበረዶ ማሽን ደግሞ ተበላሽቷል። ታምራት ወይዘሮ ዘይነባ ሱቅ ወሰደኝ። ቤተሰባቸው ከስልጤ መጥቶ ዲላ ላይ ሱቅና መኪና የያዘ ነው። ፍሪጃቸው ውስጥ ካለው ለስላሳ ግማሹን አውጥተው በውሃ የተሞሉ ሃይላንዶች አስገቡልን።

"ደሙንም እዚሁ ታስቀምጡታላችሁ?" አሉ።

"የለም፣ በረዶውን ብቻ ነው እማማ።"

"አልሐምዱሊላህ። ከሚሪንዳው ጋር እንዳይደባለቅ ፈርቼ ነው።"

ደም በረዶን በቀጥታ ከነካ እንደሚበላሽ ስነግራቸው አዲስ ፎጣ ከመደርደሪያ አውርደው ሰጡኝ፤ ልክፈል ብል እጄን መለሱት። ወደ ቡሌ ፒካፕ የሚነዳው ታናሽ ወንድማቸው ነስሩ ነው። "ቀስ ብለህ ንዳ" አሉት።

"አይ፣ እንደ ሁልጊዜው ይንዳ" አልኩ። ወይዘሮ ዘይነባ እንደ እብድ አዩኝ።

ረቡዕ

ነስሩ እንደ ሁልጊዜው ነዳ። ራሴ ሦስት ጊዜ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። ዲላ ላይ ሙቀት ነበር፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ቡናው እየሳሳ እንሰቱ እየበዛ ሄደ፣ ብርዱም መጣ። ብርዱን ሳገኝ ቤቴ የደረስኩ መሰለኝ፤ ታምራት ግን ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆለፈ። ቡሌ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ፒካፑ ጭቃ ውስጥ ገባና እምቢ አለ። ነስሩ አካፋ አወረደ። "እናንተ በእግር ሂዱ፣ አውጥቼው እደርሳለሁ" አለን።

ሴንትሪፊዩጁን ከታምራት ጋር በየተራ ተሸከምነው። አቀበቱ አጋማሽ ላይ ከገበያ የምትመለስ አንዲት ጠንካራ ሴት ደረሰችብን። ሳትጠይቅ ዕቃውን ከእጄ ወሰደችና በገመዷ ጀርባዋ ላይ አሰረችው።

እዚያ አማርኛ ለብዙ ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ እኔ በዚያ ቀን አንዳንዴ ወንድ፣ አንዳንዴ ሴት ነበርኩ።

"ማን ጋ ትሄዳለህ?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"አቶ ሽፈራው ጋ።"

"የኔ ባል ነው።" ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ቆመች። "ጉበትህ እየፈነዳች ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ?"

ታምራት አንገቱን ደፋ። "እኔ ነኝ ያልኳቸው" አለ።

ወይዘሮ አበበች፣ ስሟ ይህ ነው፣ ገመዱን ፈታች፤ ሴንትሪፊዩጁን አውርዳ ታምራት ጀርባ ላይ ራሷ አሰረችው። በምትኩ የእኔን ቀላል ቦርሳ ወሰደች። እስከ ቤቷ ድረስ እየተራመደች ነገረችን። ባሏ ጮክ ብሎ መሳል ፈርቷል። ልጆቹ ሲያስቁት ሆዱን ይዞ ይወጣል። ሆስፒታል ሂድ ስትለው "መንገድ ላይ ብትፈነዳብኝስ?" ይላታል። የእንሰት ችግኝ አፍልቶ ሲያበቃ አልተክልም አለ፤ እንሰት ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፣ እኔ አልደርስበትም ብሎ። ታምራት ከኋላችን ያለከልካል።

አቶ ሽፈራው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ቢጫ ነው፤ ሰውነታቸው ግን የፈራሁትን ያህል አልከሳም። ታምራትን ሲያዩ ተነሥተው እጁን ያዙ፤ ቂም አልያዙበትም።

"አባባ" አልኳቸው፣ "የተነገረዎት ነገር ልክ መሆኑን አላውቅም። ስሕተቱ የእኛ ሊሆን ይችላል። እሱን ለመለየት እንደገና ደም ልውሰድ ብዬ ነው የመጣሁት። እምቢ ማለት ይችላሉ።"

"ልክ ከሆነስ?"

"ልክ ከሆነም ተመልሼ እነግርዎታለሁ።"

አሰብ አደረጉ። "አንተ የራስህን ደም ትሰጣለህ?" አሉኝ።

"እኔም እሱም እንሰጣለን። ያሰብነውም እንደዚያው ነው፤ የጤነኛ ደምም መንገዱ ይለውጠው እንደሆነ ለማየት።"

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከሦስታችንም ሁለት ሁለት ብልቃጥ ቀዳሁ። አንድ አንዱ እዚያው ተሽከርክሮ ሴረሙ ይወጣል፤ ሌላው እንደ ወትሮው ከነሕዋሱ በፒካፕ ይወርዳል። ደሙ እስኪረጋ መጠበቅ ነበረብን፤ ወይዘሮ አበበች ቂሟን እንዳልተወች በፊቷ እያሳየች ምግብ አቀረበች። ቆጮው በቅቤ ርሷል። ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ፤ እንዴት እንደምናገር ሳስብ እሷ ቀደመችኝ። እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ግን ያንገቴን ማተብ አይታ ነበር። ቅቤ ያልነካው ቆጮ ከጎመን ጋር፣ የቡላ ገንፎም በተልባ ለብቻ አዘጋጅታልኛለች። ቡሌ ላይ ቡላ በላሁ ብዬ አዲስ አበባ ስናገር ሰው ሁሉ የፈጠርኩት ይመስለዋል።

ሴንትሪፊዩጁን ከጠረጴዛው ጋር ብናስረው ጠረጴዛው ራሱ ዞረ። አግዳሚው ላይ አሰርነው፤ ወይዘሮ አበበች በአንዱ ጫፍ ተቀመጠችበት። ማሽኑ አራት ቀዳዳ አለው፣ የእኛ ብልቃጥ ሦስት ነው፤ እንዳይናጥ በአራተኛው ውሃ የሞላ ብልቃጥ አስገባን። ታምራት ማዞር ጀመረ። አቀበቱ ግን ጨርሶታል፤ ብዙም ሳይቆይ ክንዱ ዛለ። እኔ ተቀበልኩት። እኔም ዛልኩ።

"ደሟ የኔ አይደለች? አምጣ" አሉ አቶ ሽፈራው።

"እንዳትደክም" አለች ሚስታቸው።

"ዝም በይ፣ ተቀመጪበት።"

በዝግታ ጀመሩና እየፈጠኑ ሄዱ። እጃቸው ዕድሜ ልኩን መሬት የቆፈረ እጅ ነው፤ እጀታው እንደ እኛ አልተንቀጠቀጠባቸውም። ሲያበቁ ብልቃጡን አንሥቼ አሳየኋቸው፤ ሕዋሱ ከታች፣ ከላይ እንደ ማር የጠራ ሴረም። ቅላት የለውም። ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አዙሬ ደግሜ አየሁት።

ነስሩ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ደረሰ። ሴረሙንም ደሙንም በፎጣ ጠቅልዬ በረዶው ያለበት ሣጥን ውስጥ አስገባሁ፤ ሣጥኑን እንደ ወትሮው ፒካፑ ወለል ላይ አስቀመጥን። ሴረሙ ሕዋስ ስለሌለው ቢንገጫገጭም የሚፈነዳ ነገር የለውም።

ሐሙስ

ደሙን ዲላ እንደደረስን ማታውኑ አሽከርክረን አስቀምጠነው ነበር። የፍንዳታው ምልክት ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚለካ ጠዋት ስድስቱንም ማሽኑ ላይ ጫንን። ታምራት ውጤቱ ሲወጣ ማየት አልቻለም፤ መስኮት ጋ ሄዶ ቆመ።

"ያንተ በመኪና የወረደው ጣሪያ ነክቷል" አልኩት። "የእኔም።"

ዞረ። "ቡሌ የተሽከረከረውስ?"

"ሁለታችንም ጤነኞች ነን።"

በወትሮው አሠራር ቢሆን ኖሮ የሁለታችንም ጉበት እየፈነዳ ነበር፤ ጠዋት ግን እያንዳንዳችን ሁለት ዳቦ በእንቁላል በልተናል።

"የእሳቸውስ?" አለ በቀስታ።

ቡሌ የተሽከረከረው የአቶ ሽፈራው ሴረም ከዲላዎቹ ሕመምተኞች ጋር ይቀራረባል። ከጤነኛ ከፍ ይላል፤ ጉበታቸው መታመሙ እውነት ነው። በመኪና የወረደው ግን ቀይ እስክሪብቶዬን ያስመዘዘኝ ያው ቁጥር ነበር። ታምራት ወንበር ላይ ቁጭ አለና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሲገልጠው ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። "ሁለት ወር ሙሉ ሳላቸውን አፍነው ከርመዋል" አለ።

ለአለቃዬ ደወልኩ። ያገኘነውን ነገርኩት። ከዚያ "የመንገዱን ፎቶ አንሥተሻል?" አለኝ። አሁን ስለ መንገዱ ሊጽፍ ነው።

ዓርብ

ክፉው ወሬ ፊት ለፊት ነው የተነገረው፤ ይህም ፊት ለፊት መነገር አለበት ብሎ ታምራት በስልክ እምቢ አለ። እንደገና ወጣን። ጭቃው ጋ ስንደርስ ነስሩ ሳንጠይቀው ቆመና በሩን ከፈተልን።

ታምራት ራሱ ነገራቸው፤ በጌዴኦኛ ስለሆነ ቃሉን አልያዝኩትም። የራሱን ሆድ ሲነካ፣ መንገዱን ሲያሳይ፣ እኔንም ሲጠቁም አየሁ። ወይዘሮ አበበች የያዘችውን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች። አቶ ሽፈራው ወደ እኔ ዞሩ።

"እንግዲህ አልሞትም?" አሉ በአማርኛ።

"አላውቅም አባባ። ጉበትዎ ታሟል። መፈንዳት የተባለው ግን ከእኛ የመጣ ስሕተት ነው። ይቅርታ ያድርጉልን። ሐኪሙ ጋ ሄደው መድኃኒትዎን ይቀጥሉ፤ ያለፈ ቀጠሮ አለብዎት።"

"ሕመም ብቻ ናት?"

"ሕመም ብቻ ናት።"

ብድግ አሉና ወደ ጓሮ ሄዱ። ከጓሮ ኃይለኛ ሳል ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ፣ ደረት የሚያናውጥ። ወይዘሮ አበበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። ለእኔም ቅቤ የሌለው ቆጮዬ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በደንብ በላሁ።

ሴንትሪፊዩጁን ቡሌ ጤና ጣቢያ ተውነው። ከእንግዲህ ደም የሚሽከረከረው በተቀዳበት ቦታ ነው።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ዘይነባ ለመንገድ ሚሪንዳና ብስኩት አሲያዙኝ፤ ፎጣቸውን አጥቤ ብመልስላቸው ደም የነካውን አልፈልግም ብለው መለሱልኝ፤ አሁን ቤቴ ነው። በመንገዱ ሁሉ ሻንጣዬ ቀሎ ማንንም አልወጋሁም፤ የሚያናግረኝም አልተገኘም። አዲስ አበባ ስገባ ዝናብ ነበር።

ከወር በኋላ ታምራት ደወለልኝ። አቶ ሽፈራው ለቀጠሯቸው መጥተው ነበር፤ ወረፋ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ተጨቃጭቀዋል። ሐኪሙ አዲሱን የደም ውጤታቸውን አይቶ ሕመሙ እየቀነሰ መሆኑን ነገራቸው። አመሰግናለሁ አላሉም፣ ከወንበራቸውም አልተነሡም።

"ደሟ የት ነው የዞረችው?" ብለው ጠየቁት።

"እዚሁ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ" አላቸው ሐኪሙ።

"አሳየኝ" አሉ። ታምራት ይዟቸው ገባ፤ ማሽኑን አዩት፣ ከቆመበት ጠረጴዛ ላይ በእጃቸው ገፋ አድርገው እንደማይነቃነቅ አረጋገጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስልካቸውን አውጥተው ለአበበች የደወሉት።